አዛውንቷ ሳይነሡ ከበታቻቸው የተሠራው ቤት

አንድ ሕንፃ ለቆመበት ቦታ «መልስ ሰጥቷል» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ንድፍ አውጪው የጎረቤቱን ቀለም ከተከተለ፣ ጣሪያውን ከሰፈሩ ጣሪያ ካስተካከለ፣ አንድ ዛፍ ካልቆረጠ በቃ፤ መልስ ተሰጠ ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቀለም መከተል ጨዋነት ነው፣ ክፋት የለውም። ግን ቦታው ያነሣውን ጥያቄ ሳይሰሙም ጨዋ መሆን ይቻላል።

ይህን የሚያሳይ አንድ ጉዳይ በዝርዝር ልጻፍ። ፓሪስ ውስጥ ከ1928 እስከ 1932 የተሠራ መኖሪያ ቤት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ስሙ ሜዞን ደ ቬር ይባላል፤ የመስታወት ቤት እንደማለት ነው። ሥነ ሕንፃ የተማረ ሰው ፎቶውን አንድ ቀን ሳያይ አይቀርም፤ የሚያስታውሰውም መስታወቱን ነው። እኔን የሚስበኝ ወደ መስታወቱ ያደረሰው መንገድ ነው። መንገዱ የሚጀምረው ቤቴን አልለቅም ካሉ አንዲት አዛውንት ነው።

የሰዎቹን ስም አልጠራም። አሠሪውን ሐኪሙ፣ ሥራውን የመራውን ንድፍ አውጪው፣ ላይ የሚኖሩትን ደግሞ አዛውንቷ እላቸዋለሁ።

መነሻው

ቤቱ ያለው ከሴን ወንዝ በስተግራ፣ በ7ኛው ወረዳ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባለጸጎች መኖሪያ የሠሩበት ሰፈር ነው። የቤቶቹ አቀማመጥ ደንብ አለው። መንገዱ ዳር አንድ ሕንፃ ይቆማል። ከሥሩ ሠረገላ የሚያሳልፍ ትልቅ በር አለ። በበሩ ሲገባ ግቢ ይገኛል። ዋናው ቤት ከግቢው ማዶ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ ደግሞ የአትክልት ቦታ አለ። ግራና ቀኙ ከጎረቤት ጋር የተጣበቀ ነው።

ይህን አቀማመጥ አንድ ጊዜ በዓይነ ኅሊና መሣል ይጠቅማል፤ የሚቀጥለው ነገር ሁሉ ከሱ ነው የሚመነጨው። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ዋናውን ቤት አያየውም። ቤቱ አየርና ብርሃን የሚያገኘው ከሁለት በኩል ብቻ ነው። አንዱ ከፊት፣ ከግቢው ነው። ሌላው ከኋላ፣ ከአትክልቱ ነው። ግቢው ዙሪያውን በሌሎች ሕንፃዎች የታጠረ ስለሆነ ፀሐይ ገብታ የምትቆይበት ቦታ አይደለም። በዚያ ላይ የሌላ ሰው መስኮት ወደ ግቢው ያያል።

ሐኪሙ የማህፀን ሐኪም ነበር። እሱና ሚስቱ የዘመኑን ጥበብ የሚወዱ፣ ከቤታቸው ሰው የማይጠፋ ሰዎች ነበሩ። ያሰቡት አሮጌውን ቤት ሙሉ በሙሉ አፍርሰው አዲስ መሥራት ነበር። ምድር ቤቱ ክሊኒክ ይሆናል። ከክሊኒኩ በላይ ሰፊ ሳሎን። ከሳሎኑ በላይ መኝታ ክፍሎች።

ሥራውን የሰጡት ለወዳጃቸው ነው። የንድፍ አውጪው ሚስት እንግሊዛዊት ነበረች፤ የሐኪሙን ሚስት እንግሊዝኛ ታስተምራት ነበር። ሰውየው በ1919 ለባልና ሚስቱ የቤት ዕቃ ነድፎላቸዋል። ልብ በሉ፣ በትምህርት አርክቴክት አልነበረም። የቤት ዕቃና የውስጥ ክፍል ንድፍ አውጪ ነበር። ስለዚህ አንድ ሆላንዳዊ አርክቴክትና አንድ የብረት ባለሙያ ከጎኑ አሰለፈ። የብረት ባለሙያውን እንደ ተራ ሠራተኛ መቁጠር ስህተት ነው። ቤቱ ውስጥ ያለውን የብረት ሥራ ብዛትና ረቂቅነት ያየ ሰው ከሁለቱ እኩል ሊጠራ እንደሚገባው ይረዳል።

ችግሩ

በአሮጌው ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ አዛውንቷ በኪራይ ይኖሩ ነበር። ልቀቁ ተባሉ። አልለቅም አሉ። ማስወጣትም አልተቻለም።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ነው የሚነገረው። ግትር አሮጊት፣ የተናደደ ባለቤት። እኔ ቀልዱ አይታየኝም። ሴትዮዋ ያደረጉት ነገር ቢኖር ቤታቸው መቀመጥ ነው። ከተማ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን ይገጥመዋል። ተከራይ ሊሆን ይችላል። ብርሃኔን ጋረድክብኝ የሚል የጀርባ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። በቦታው መሐል ለመተላለፊያ የለመደ የሰፈር ሰው ሊሆን ይችላል። የከተማ ቦታ ሰው ቀድሞ የገባበት ቦታ ነው።

ምርጫዎቹ ጥቂት ነበሩ። አንደኛው መጠበቅ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን መጀመሪያ የሚመጣልኝ ይህ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ሳስበው ግን ደስ አይልም፤ የሰው ሞት መጠበቅ ነው። ሌላው ቦታውን ትቶ ሌላ መፈለግ ነው። ሦስተኛው አሮጌውን ቤት እንዳለ ይዞ፣ ቀለም ቀብቶ መግባት ነው።

ቀለም መቀባቱ ግን ጨለማውን አያስወጣም። የድሮ ቤት ግድግዳ ሸክም አለበት። የላዩን ፎቅ ተሸክሞ የቆመ ግንብ ስለሆነ መስኮቱን እንደልብ ማስፋት አይቻልም። አዛውንቷ ከላይ ካሉ ደግሞ ጣሪያ ከፍቶ ብርሃን ማስገባት አይታሰብም። የታችኛው ቤት ጣሪያ የእሳቸው ወለል ነዋ! ስለዚህ ብርሃን የሚመጣው ከፊትና ከኋላ ብቻ ነው። ከፊት በኩል ጎረቤት ያያል። ክሊኒክ ያለበት ቤት ነው፤ ያውም የማህፀን ክሊኒክ። ብርሃን በብዛት ይፈለጋል፤ የሰው ዓይን ግን አይፈለግም።

ከዚህ ሌላ የመግቢያ ጣጣ አለ። ቀን ታካሚ ይመጣል። ማታ እንግዳ ይመጣል። ቤተሰቡ ሁልጊዜ አለ። ሁሉም የሚገቡት በአንድ ግቢ ነው። ታካሚዋ ደረጃ ስታይ የሐኪሙ ሳሎን ውስጥ እንዳትገኝ፣ እንግዳውም የታካሚ ወረፋ መሐል እንዳይቆም ማድረግ ያስፈልጋል።

ምን ተደረገ

አዛውንቷን አልነኳቸውም። የእሳቸው ፎቅ በብረት ተደገፈ። ከዚያ ከበታቻቸው ያለው አሮጌ ቤት ፈርሶ ወጣ። ቆብ ሳያወልቁ ራስ እንደመላጨት ያለ ሥራ ነው። አንድ ሙሉ የመኖሪያ ፎቅ፣ ከነነዋሪው፣ በብረት እግሮች ላይ ቆሞ ነበር። በተከፈተው ባዶ ቦታ ውስጥ ሦስት አዳዲስ ወለሎች ገቡ።

የብረቱ ምሰሶዎች ከሥራው በኋላ አልተደበቁም። ከላሜራና ከማዕዘን ብረት የተገጣጠሙ ናቸው። የሚያያይዛቸው ሪቬት የሚባል፣ ራሱ የተመታ የብረት ችንካር ነው፤ የሪቬቱ ራስ እንደ ቁልፍ ተደርድሮ ይታያል። የተወሰነው ገጻቸው ብረትን ከዝገት በሚጠብቀው ብርቱካናማ ቀለም ተቀብቷል። የተወሰነው ጥቁር የድንጋይ ሰሌዳ ለብሷል። ሳሎኑ መሐል ቆመዋል። እንግዳ ሆኖ የተቀመጠ ሰው የላዩ ፎቅ በምን እንደተያዘ ዓይኑ ሥር ያያል።

አሁን ሰንሰለቱን እንከተል፤ የጉዳዩ ልብ እዚህ ላይ ነው። አዛውንቷ ስለቆዩ ጭነታቸው በምሰሶ መያዝ ነበረበት። ጭነቱ በምሰሶ ስለተያዘ ግድግዳው የሚሸከመው ነገር አልቀረም። ሸክም የሌለበት ግድግዳ ከፈለጉት ነገር ሊሠራ ይችላል። ግቢው ጨለማ ስለነበር ከመስታወት ተሠራ። አዛውንቷ ባይኖሩም ንድፍ አውጪው ብረት መጠቀሙ አይቀርም ነበር ብሎ የሚከራከረኝ ይኖራል። የብረት ምሰሶ በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረምና ክርክሩ ውኃ ይቋጥራል። ግን ጣሪያውም የራሱ ቢሆን ኖሮ ብርሃኑን ከላይ ማምጣት ይችል ነበር። ከጎን ብቻ መምጣቱ ነው የፊቱን ግድግዳ በሙሉ ወደ መስኮትነት የገፋው።

መስታወቱ የተለመደው የመስኮት መስታወት አይደለም። የመስታወት ብሎክ ነው። ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ብርሃን ያሳልፋል፤ ምስል አያሳልፍም። ከውጭ የቆመ ሰው ጥላ ሲንቀሳቀስ ሊያይ ይችላል፤ የማን ጥላ እንደሆነ ግን አይለይም። ለክሊኒክ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

እዚህ ላይ እንቅፋት ገጠመ። የብሎኩ አምራች፣ ዕቃዬ በዚህ መጠን ግድግዳ ሆኖ ለመቆሙ ዋስትና አልሰጥም አለ። ቡድኑ ሐሳቡን አልተወም፤ ግድግዳውን ከፋፈለው። በወርድ 4፣ በቁመት 6 ብሎክ የያዙ ክፍሎች ተሠሩ። ክፍሎቹ በብረት ፍሬም ተያዙ። አንዱ ክፍል ቢሰነጠቅ ሌላውን ይዞ አይወርድም። የአንዱ ክፍል ወርድ ከነመጋጠሚያው 91 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ይህች 91 ሳንቲ ሜትር ከዚያ በኋላ የቤቱ መለኪያ ሆነች፤ የውስጡም አከፋፈል እሷን ተከተለ። አምራቹ የነፈገው ዋስትና ለቤቱ ልክ ሰጠው ማለት ነው። ከጉዳዩ ሁሉ ይህን ክፍል አብልጬ እወደዋለሁ።

ግድግዳው መስታወት ሲሆን የኤሌክትሪክ ገመድ የሚቀበርበት ቦታ ጠፋ። ገመዱ ከወለል እስከ ጣሪያ በቆሙ ቱቦዎች ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ። ማብሪያ ማጥፊያዎቹም ቱቦዎቹ ላይ ተገጠሙ። ማታ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ግቢው ውስጥ መሰላል በሚመስል የብረት ማቆሚያ ላይ ፓውዛ ተሰቀለ። የሚያበራው ወደ መስታወቱ ነው። ስለዚህ ሳሎኑ ማታም ብርሃን የሚገባለት ቀን በሚገባበት አቅጣጫ ነው። የውስጡ መብራት ሲበራ በተቃራኒው ቤቱ ግቢው ውስጥ እንደ ፋኖስ ይፈካል።

ከፍታውም ቀላል አልነበረም። የላይኛው ድንበር የአዛውንቷ ወለል ነው፤ አንድ ጣት አይገፋም። የታችኛው ድንበር መሬቱ ነው። በመሐል ሦስት ወለል መግባት አለበት። ሁሉንም እኩል ቢያካፍሉ ሁሉም ተራ ክፍል ይሆናል። እነሱ አንዱን ጠቅመው ሌላውን ቆጠቡ። ሳሎኑ በግቢው በኩል የሁለት ወለል ቁመት ተሰጠው። መኝታ ክፍሎቹ ወደ አትክልቱ በኩል ተጠግተው ለሳሎኑ ቦታ ለቀቁ። ዝቅ ካለው ምድር ቤት በሰፊው ደረጃ ወጥቶ ወደ መስታወቱ ግድግዳ ዞር ሲሉ ክፍሉ ከልኩ በላይ ሰፊ ሆኖ ይታያል።

የኋላው ፊት የፊተኛውን አልኮረጀም። አትክልቱ ጸጥ ያለ ነው፤ የሚታይ ነገርም አለው። ስለዚህ እዚያ ጥርት ያለ መስታወት፣ የሚከፈት መስኮትና ለመኝታ ክፍሎቹ በረንዳ ተሰጠ። ሐኪሙ ታካሚ የሚያይበት ክፍልም ወደ አትክልቱ ዞረ። ወጥ ቤቱና የሠራተኞች ክፍሎች ያሉበት ክንፍ በአንጻሩ ወደ ግቢው ተዘረጋ።

የመግቢያው ጣጣ በትናንሽ ነገሮች ነው የተፈታው። በሩ ላይ ሦስት ደወል አለ፤ አንዱ ለሐኪሙ፣ አንዱ ለእንግዳ፣ አንዱ ለአገልግሎት ሰጪ። ድምፃቸው ይለያያል፤ ውስጥ ያለው ሰው በሩን ሳይከፍት ማን እንደመጣ ያውቃል። ወደ ሳሎን የሚያወጣው ደረጃ ፊት የሚሽከረከር መጋረጃ መሳይ ማገጃ ቆመ። ቀን ደረጃውን ከታካሚዎች ይሸፍናል። ማታ ዞር ሲል ደረጃው ለእንግዳ ይገለጣል። ሐኪሙ ከምርመራ ክፍሉ ወደ ላይኛው የጥናት ክፍሉ የሚወጣበት የራሱ ትንሽ ደረጃ አለው። ከበር ላይ ከተሰቀለ ማስታወቂያ ይልቅ ይህ ብዙ ይሠራል።

ሥራው አራት ዓመት ወሰደ። ብዙው ነገር የተወሰነው ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት ቦታው ላይ፣ ከብረት ባለሙያው ጋር ነው።

የተሳካው

አዛውንቷ ቤታቸው ቀሩ። ሐኪሙም ቤቱን አገኘ። ይህን እንደ ቀላል አላየውም፤ ብዙ የከተማ ግንባታ የሚጀምረው አንዱን በማጣት ነው።

ብርሃኑ የታሰበውን አደረገ። ግቢው እንደ ድሮው ጨለም ያለ ነው፤ ሳሎኑ ግን አይደለም። ከጎረቤት መስኮት የሚያይ ሰው የሚያገኘው የሚያበራ ግድግዳ ነው። ሁለቱ የማይታረቁ የሚመስሉ ፍላጎቶች አንድ ዕቃ ውስጥ ተገናኙ።

ለመንገዱ ደግሞ ምንም አልተቀየረም። የሰፈሩ ፊት እንዳለ ነው። በወቅቱ ከነበሩት አዳዲስ ቤቶች ሁሉ ደፋሩ ከሚባሉት አንዱ በአሮጌ በር ጀርባ ተቀምጧል። በሩን ያለፈ ብቻ ነው የሚያየው። ለአካባቢ መልስ መስጠት ማለት አካባቢውን መምሰል ነው ለሚል ሰው ይህ ቤት ችግር ይፈጥርበታል። ጎረቤቶቹን በምንም አይመስልም። ግን ከጎረቤቶቹ አንዱንም ብርሃን አልነጠቀም፤ ከፍታ አልጨመረም፤ መስመሩን አልጣሰም።

ቤቱ እስከ 2000ዎቹ ድረስ በቤተሰቡ እጅ ቆየ። ከዚያ የገዛው ሰው ደግሞ ሊለውጠው ሳይሆን ሊጠግነው ነው የተነሣው። ንድፉ አሠሪዎቹን በትክክል አዳምጦ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር የለኝም።

ያልተሳካው

በመጀመሪያ ሙቀቱ። ትልቅ የመስታወት ግድግዳ፣ ያውም በዘመኑ ዕውቀት የተሠራ፣ ቅዝቃዜም ሙቀትም አይከለክልም። ክረምት ላይ ማሞቅ ይከብዳል፤ በጋ ላይ ማቀዝቀዝ ይከብዳል። የፊቱ መስታወት የማይከፈት ስለሆነ አየር የሚገባው በጎን በተሠሩ መክፈቻዎች ነው፤ የሚከፈቱትም በእጅ በሚዞር ጎማ ነው። ማየት ያስደስታል። ዛሬ እንዲህ ያለ ግድግዳ እሠራለሁ የሚል ሰው ግን ጎማው ከማማሩ በፊት የሙቀቱን ስሌት መሥራት አለበት።

ሁለተኛ፣ ሳሎኑ ውጭውን አያይም። ብርሃን አለ፣ ሰማይ ግን የለም። ዓይን የሚያርፍበት ሩቅ ነገር የሚፈልግ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ አይቀመጥም። ሐኪሙና ሚስቱ ይህን አውቀው ተቀብለውታል። እኔ መኝታ ቤቴ ውስጥ እሺ እል ይሆናል፤ ሳሎን ላይ አልቀበለውም።

ሦስተኛ፣ ቤቱ የሚደገም አይደለም። እጀታው፣ ማጠፊያው፣ መደርደሪያው ሁሉ ለዚህ ቤት ብቻ የተሠራ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ ከሱቅ የሚገዛ መለዋወጫ የለም፤ እንደገና በእጅ መሠራት አለበት። መልኩ የፋብሪካ ነው፤ አሠራሩ የጌጥ ሠሪ ነው። የፋብሪካ መልክ ያለው ነገር በፋብሪካ አሠራር ካልተሠራ ዋጋው እንደሚንር ማንም አሠሪ ቢያውቅ ጥሩ ነው። ንድፍ አውጪው ራሱም ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ሥራ አላገኘም። በ1940 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ1950 እዚያው ሞተ።

አንድ ነገር ልጨምር። አዛውንቷ አልተነሡም ማለት አልተጎዱም ማለት አይደለም። ከአልጋ ሥር ግንብ ሲፈርስ፣ ብረት ሲመታ መኖር ምን እንደሚመስል ለመገመት አርክቴክት መሆን አያስፈልግም። ስለ ቤቱ ሲጻፍ ይህ ሒሳብ ውስጥ ሲገባ አላየሁም። የእሳቸውን መብት ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ሥራው በሚሠራበት ጊዜ የሚደርስባቸውን ማቅለል ሌላ ነገር ነው። የዚህ ጉዳይ ባለቤቶች የመጀመሪያውን አደረጉ። ሁለተኛውን ዛሬ የሥራ ዕቅድ ሲወጣ አብሮ መጻፍ ይገባል።

ለሌላ ቦታ የሚጠቅመው

ከዚህ ቤት የመስታወት ብሎክ ይዞ የሚሄድ ሰው የተሳሳተውን ዕቃ ነው የያዘው። ብሎኩ ለዚያ ግቢ የተሰጠ መልስ ነበር። ሌላ ቦታ የሚያገለግለው የጥያቄው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የማይነሣው ነገር ምንድን ነው? እሱን የያዘው ነገር ምንድን ነው? እሱ ሲያዝ የተፈታው ነገር ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቀን እናማርራለን፤ ሦስተኛው ላይ አንደርስም።

ይህ አካሄድ በሌላ ዘመንና በሌላ መጠን ሲደገም ማየት ይቻላል። ማድሪድ ውስጥ በ2008 የተከፈተው ካይሻ ፎረም የተባለ የባህል ማዕከል የድሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ነበር። የማይነሣው ነገር የጡቡ ግድግዳ ነው። አርክቴክቶቹ ጡቡን ጠብቀው ከሥሩ የነበረውን የድንጋይ መሠረት አወጡት። ሕንፃው ከመሬት የተነሣ ይመስላል። ከሥሩ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ጥላ ያለው አደባባይ ተገኘ። ከፊቱ የነበረው የነዳጅ ማደያ ተነሥቶ ወደ ዋናው ጎዳና ተከፈተ። የአጎራባቹ ሕንፃ ባዶ ግድግዳ በዕፅዋት ተሸፈነ። ፓሪስ ላይ የላዩን ያቆየው ሰው ነው፤ ማድሪድ ላይ ያቆየው ቅርስ ነው። ልዩነቱ የተገኘው ባዶ ቦታ ለማን እንደተሰጠ ነው። የፓሪሱ ለአንድ ቤተሰብ ሄደ፤ የማድሪዱ ለአላፊ አግዳሚው። እኔን ብትጠይቁኝ ማድሪድ በዚህ ይበልጣል።

ብርሃንንና ዕይታን ለያይቶ ማሰብም ከዚህ ጉዳይ የሚወሰድ ነው። መስኮት ስንል ሁለቱን አንድ አድርገን እንገዛለን። ጥቅጥቅ ያለ ሰፈር ውስጥ ግን አንዱ ይፈለጋል፤ ሌላው አይፈለግም። ንድፍ ከመጀመሩ በፊት ለእያንዳንዱ ክፍል «ብርሃን፣ ዕይታ፣ አየር» ብሎ ሦስት ዓምድ መሥራትና ከየት አቅጣጫ እንደሚመጡ መጻፍ ቀላል ሥራ ነው። እኔ እሠራዋለሁ። በተለይ አየሩ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የሕንፃው ፊት አንድ ብቻ ነው ብሎ ማሰብም እዚህ ይፈርሳል። ግቢውና አትክልቱ የተለያየ ጥያቄ ጠየቁ፤ የተለያየ መልስ አገኙ። ቦታውን በአራቱም በኩል፣ በተለያየ ሰዓት መዞር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ጠዋት ሄዶ የተመለሰ ሰው ያየው ግማሹን ቦታ ነው።

ዋስትና የነፈገውን አምራች በተመለከተ፣ አንድ ባለሙያ «አይሆንም» ሲል ብዙዎቻችን ወይ እንተዋለን ወይ ሌላ «ይሆናል» የሚል እንፈልጋለን። ይህ ቡድን ሦስተኛ ነገር አደረገ፤ ፍርሃቱ እውነት መሆኑን ተቀብሎ ስጋቱን ወደ ትናንሽ ክፍሎች በተነው። አዲስ ዕቃ ለሚሞክር ሁሉ ይህ የሚደገም ዘዴ ነው።

ዋጋውንም ለአሠሪው በጊዜ መንገር ያስፈልጋል። ለቦታ የተሰጠ ጥሩ መልስ ሁሉ የሚያስከፍለው ነገር አለ። ኦሳካ ውስጥ፣ ሱሚዮሺ በተባለ ሰፈር፣ በ1976 የተሠራ ትንሽ የኮንክሪት ቤት አለ። ወርዱ 3.3 ሜትር፣ ርዝመቱ 14.1 ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ በሌሎች ቤቶች የታፈነ ስለሆነ አርክቴክቱ የቤቱን መሐል፣ አንድ ሦስተኛውን፣ ጣሪያ የሌለው ግቢ አደረገው። ብርሃንና ሰማይ ተገኘ። ዝናብ ሲዘንብ ግን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ጃንጥላ ይይዛል። ይህን አውቆ የተቀበለ ሰው ይኖርበታል፤ ሳይነገረው የገባ ሰው ይራገማል። ንድፉ ያው አንድ ነው።

የፓሪሱ ቤት ዛሬም አለ። በፎቶ ስትፈልጉት አንድ ነገር አስተውሉ። ያየኋቸው ፎቶዎች ብዙዎቹ የላይኛውን ፎቅ ቆርጠው አውጥተውታል፤ የሚያበራው መስታወት ብቻ እንዲታይ። ሙሉውን የሚያሳይ ፎቶ ፈልጉ። ከመስታወቱ በላይ አሮጌው ግድግዳ፣ ከነድሮ መስኮቶቹ፣ እንደተቀመጠ ነው።